አስቀድሞ መስማት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ፣ ልቡ ከመጽሐፉ ስለሸሸ አንባቢ የጻፈው ነገር ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ሰውየው መጽሐፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ያዛጋል። ዓይኑን ያሻል፤ ይንጠራራል። ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል፤ ተመልሶ ጥቂት ያነባል። ከዚያ ቅጠሉን እየገለበጠ ምንባቡ የት ላይ እንደሚያልቅ ይፈልጋል፤ የቀረውን ገጽ ይቆጥራል፤ የጽሕፈቱን አጣጣል ይነቅፋል። በመጨረሻ መጽሐፉን አጥፎ ይንተራሰውና ይተኛል። እንቅልፉም የጠለቀ አይሆንለትም፤ ረሃብ ቶሎ ይቀሰቅሰዋል።

ኤቫግሪዮስ ያረፈው በ399 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ በረሃ ስልክ የለም፤ ሬዲዮ የለም፤ በመስኮት የሚጣራ የታክሲ ረዳት የለም። መነኩሴው ዓለምን ትቶ የወጣው ለጸሎት ብሎ ነው። ልቡ ግን ከፊቱ ከተዘረጋው ገጽ ላይ ኮብልሏል። ዛሬ ማለዳ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ከሦስተኛው ቁጥር በኋላ የቤት ኪራይ ሲያሰላ ራሱን ያገኘ ክርስቲያን እንግዲህ አዲስ በሽታ አልያዘውም።

በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ የግል ጸሎት ሰፊ ቦታ አለው። ኦርቶዶክሳዊው ከቤቱ ሳይወጣ ውዳሴ ማርያሙንና ዳዊቱን ያደርሳል፤ ወንጌላዊው አማኝ የጥሞና ጊዜውን ይወስዳል፤ ካቶሊኩም የራሱን የጸሎት ሥርዓት ይፈጽማል። ከዓመታት በኋላ ግን የሁሉም ጭንቀት ይመሳሰላል። ጸሎቱ አልታጎለም፤ ሰዓቱም ተጠብቋል፤ ከንፈርም ቃሉን ብሏል፤ ልብ ግን እዚያ አልነበረም። «ጸለይክ?» ቢሉት «አዎ» ይላል፤ «ምን አነበብክ?» ቢሉት ግን መልሱ ይጠፋዋል። ይህ ሲደጋገም አንዱ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል፤ ሌላው ቀስ በቀስ ይተወዋል።

ራስን መውቀሱ በተለይ ብዙ ቅን ሰዎችን ጎድቷል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። 2,250 ያህል ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት፣ በቀን ውስጥ ባላሰቡት ሰዓት፣ ምን እየሠሩ እንደሆነና ሐሳባቸው የት እንዳለ ይጠይቋቸው ነበር። 47 በመቶ ያህል በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ውጭ ሆኖ ተገኘ። ሲሠሩም፣ ሲበሉም፣ ቴሌቪዥን ሲያዩም ያው ነው። በጸሎት ላይ የሚባክነው ልብ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲባክን የሚውለው ልብ ነው። ቀን ቀን ጫጫታው ይሸፍነዋል፤ ማለዳ ጸጥታው ያጋልጠዋል።

ስለዚህ ልቡ እንደሚባክን ያወቀ ሰው ከእምነት አልወጣም። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ የሚወስደው መድኃኒት ነው።

አብዛኛው ሰው ጸሎቱ የቀዘቀዘ ሲመስለው ይጨምርበታል። አንድ ምዕራፍ ያነብ የነበረው ሦስት ያደርገዋል፤ ግማሽ ሰዓት የነበረው አንድ ሰዓት ይሆናል፤ አዲስ የንባብ ሰሌዳ ያወጣል፤ አዲስ መተግበሪያ ይጭናል። ለሁለት ሳምንት ይሞቃል፤ ከዚያ ከበፊቱ ይብሳል። የጸሎትንም የመዛልንም ነገር አጥብቀው የሚያውቁት የጥንት መምህራን ግን ሌላ መንገድ ሄደዋል። እነርሱ የነኩት የጸሎቱን ቅደም ተከተል ነው። ሰው ከመናገሩ በፊት እግዚአብሔር ይናገር፤ ጸሎቱ ለተሰማው ቃል መልስ ይሁን፤ የሚነበበውም ልብ ሊይዘው የሚችለውን ያህል ይሁን አሉ።

የዚህን ለውጥ ታሪክ በግልጽ ጽፎ የተወ አንድ ሰው ጆርጅ ሙለር ነው። በ1805 በፕሩሲያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የኖረው ሙለር፣ በ1836 ወላጅ አልባ ለሆኑ ልጆች ቤት ከፈተ። በ1898 እስኪሞት ድረስ 10,000 ያህል ልጆች በእነዚያ ቤቶች አድገዋል። ገንዘብ ሲያስፈልግ ለባለጠጎች ደብዳቤ አይጽፍም፤ ለእግዚአብሔር ነግሮ ይጠብቃል። ሙለር በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በጸሎቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው ሰው በ1841 በማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ነገር ብዙዎችን ያጽናናል። ከዚያ በፊት ለአሥር ዓመት ያህል ልማዱ ጠዋት ልብሱን እንደለበሰ ወዲያው ወደ ጸሎት መግባት ነበር። ተንበርክኮ ግን ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ልቡ ሲንከራተት ይቆያል፤ ከልቡ መጸለይ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። በጸሎቱ የታወቀው ሙለር፣ አሥር ዓመት!

በዚያ ዓመት ያደረገው ለውጥ ቀላል ነው። ከጸሎት በፊት ቃሉን ማንበብ ጀመረ። አዲስ ኪዳንን ከመጀመሪያው አንሥቶ ጥቂት በጥቂት ያነባል፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ቆም እያለ ያሰላስላል። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላው ነፍሱ ራሷ ወደ ንስሐ፣ ወደ ምስጋና ወይም ስለ ሌሎች ወደመለመን ታዘነብላለች። ያን ጊዜ ይጸልያል፤ ጸልዮ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ቁጥር ያልፋል። ከቁርስ በፊት በመስክ ላይ እየተራመደ፣ ፊደሉ ጎላ ያለ አዲስ ኪዳን ይዞ ያሰላስል እንደነበርም ጽፏል። አየሩና እርምጃው ለጤናውም በጅቶታል።

ሙለር አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ለይቷል። ያን ጠዋት የሚያነበው ለስብከት አልነበረም። ነፍሱ የምትበላው ፈልጎ ነው የሚያነበው። ይህ በተለይ ለሰባኪዎች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ለመዘምራን መሪዎች የሚጠቅም ማሳሰቢያ ነው። ቃሉን በገለጡ ቁጥር «ይህን እሑድ እናገረዋለሁ» የሚል ሐሳብ የሚቀድማቸው ሰዎች፣ ሌላውን ሲመግቡ ራሳቸው ጾማቸውን ውለው ያድራሉ።

የሙለር ግኝት አዲስ አልነበረም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ተራሮች የሚገኘው የግራንድ ሻርትረዝ ገዳም አለቃ የነበረው ጊጎ ሁለተኛው፣ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የመነኮሳትን መሰላል በአራት እርከን ከፍሎታል፤ ንባብ፣ ማሰላሰል፣ ጸሎት፣ ተመስጦ። ጸሎት ሦስተኛው ነው። ያለ ንባብ ማሰላሰል እንደሚስት፣ ያለ ማሰላሰል ደግሞ ጸሎት እንደሚቀዘቅዝ ጽፏል።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ማር ይስሐቅ ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ይህ ሶርያዊ አባት የተወለደው ቤተ ቀጥራዬ በተባለው የባሕረ ሰላጤው ጠረፍ፣ ዛሬ ቀጠር በምትባለው አገር አካባቢ ነው። በነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በዓት ገባ። ከንባብ ብዛት ዓይኑ እንደጠፋም ይተረካል። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር «መጻሕፍተ መነኮሳት» በሚል ስም በኢትዮጵያ ገዳማት ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል።

ማር ይስሐቅ መዝሙር ስለመድገም የሰጠው ምክር ዛሬ ላለው ችግር የተጻፈ ያህል ነው። የምታደርሰውን ቁጥር ብዛት ተወው ይላል። የዳዊትን ቃል ከሌላ ሰው እንደተዋስከው አድርገህ አትድገመው፤ የራስህ ልመና አድርገህ በለው። እንዲህ ያለ ምክር የሰጠው ሌሊቱን በመዝሙር የሚያነጋ መነኩሴ መሆኑ ትልቅ ክብደት ይሰጠዋል። የጸሎትን ብዛት የናቀ ሰው አልነበረም፤ ብዛቱ ልብን ጥሎ እንዲሄድ ነው ያልወደደው። በሌላ ትምህርቱ ደግሞ ንጹሕ ጸሎት ማለት ሐሳብ ጨርሶ የማይንቀሳቀስበት ጸሎት እንዳልሆነ፣ ልብ በከንቱ ነገር ላይ እንዳይባዝን መጠበቅ እንደሚበቃ አስረድቷል። ይህን ማወቅ ትልቅ ሸክም ያወርዳል። በጸሎት መሐል የታመመ ጎረቤት ትዝ ሲል ሐሳቡን እንደ ዝንብ ማባረር አያስፈልግም፤ ስለ ጎረቤቱ መለመንና ወደ ቃሉ መመለስ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዳዊት ሥርዓትም በዚህ ዓይን ሲታይ ጥበቡ ይወጣል። አንድ መቶ አምሳው መዝሙር በአሥር በአሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደርሳል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ማለዳ ኪዳን ደርሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ዛፍ ተጠግቶ ዳዊቱን ከማኅደሩ የሚያወጣ ሽማግሌ በየደብሩ አይጠፋም። መነጽሩን ያስተካክላል፤ ክሩ ያለበትን ገጽ ይገልጣል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የትኛውን ላንብብ ብሎ አይጨነቅም። ቀኑ መርጦለታል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ሰው ለራሱ ቢተው የሚመርጠው ስሜቱን የሚስማማውን ነው። ሲከፋው የሚያጽናና ቁጥር ብቻ ይፈልጋል፤ ደስ ሲለው የእንባውን መዝሙር ይዘልላል። በሥርዓት የሚያነብ ግን ደስ ባለው ሰኞ የጻድቁን ጩኸት ያገኛል፤ ባዘነበት ቅዳሜም እልልታው ይጠብቀዋል። አንዳንድ ቀንም ያዘነ ወንድሙን አስታውሶ በእርሱ ፈንታ ያለቅሳል። በየማለዳው «ዛሬ ምን ይሰማኛል?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ዛሬ ምን ተባልኩ?» የሚለው ይቀድማል።

እርግጥ ይኸው ሥርዓት በጥድፊያ ከተያዘ ያው የኤቫግሪዮስ አንባቢ ይሆናል፤ የቀረውን ንጉሥ መቁጠር ይመጣል። መፍትሔው ግን ከራሱ ከትውፊቱ ውስጥ አለ። በንባብ ቤት ልጅ ዳዊትን የሚማረው በአንድ ጊዜ አይደለም። ያንኑ ቃል በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይመላለስበታል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሲያመላልሱት ይሰማል፤ አንዲት ቁጥር ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ነገር ሊሆን አይገባም። የዕለቱን ዳዊት የሚያደርስ ምእመን ከድርሻው አንዱን መዝሙር ለይቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለስበት፣ ሌላውን በልማዱ ቢያደርስ፣ ሥርዓቱንም አላፈረሰም፤ ልቡንም አላስራበም።

በፕሮቴስታንቱ ዓለም በስፋት ከሚሠራባቸው የንባብ ሰሌዳዎች አንዱን ያዘጋጀው ሮበርት ሙሬይ ማክሼይን ነው። በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ እረኛ ሆኖ ሲያገለግል፣ በ1842 ማብቂያ ለምእመናኑ ያወጣው ሰሌዳ በአንድ ዓመት ብሉይ ኪዳንን አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን ሁለት ሁለት ጊዜ ያስነብባል። በቀን አራት ምዕራፍ ያህል ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ማክሼይን ሰሌዳውን ከመስጠቱ በፊት አደጋውን መዘርዘሩን ነው። ንባቡ ለወግ ያህል ሊሆን ይችላል፤ የዕለቱን ድርሻ የጨረሰ ራሱን ጻድቅ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፤ በግዴለሽነት ሊነበብ ይችላል፤ ለአንዳንዱም የማይሸከመው ቀንበር ሊሆንበት ይችላል አለ። በሚቀጥለው ዓመት በ29 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በየስልኩ የሚገኘው ሰሌዳው ነው፤ ማስጠንቀቂያው አብሮ ቢሄድ ምንኛ መልካም ነበር። በመጋቢት ወር ሃያ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ዕዳውን ለመክፈል ዘሌዋውያንን በአንድ ሌሊት የሚሮጥ ሰው የማክሼይንን ምክር ቢሰማ ኖሮ እፎይ ይል ነበር።

ስለ ሰዓት ደግሞ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ብዙዎች ያላገኙት ዕድል አለው። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ ጸሎት ሠርታለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት በዘጠኝ ሰዓት እንደነበረ ይናገራል፤ ምዕራፍ 10 ደግሞ ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት እንደወጣ ይጽፋል። የሎንዶን ወይም የዋሽንግተን አንባቢ ይህን ሲያነብ በልቡ ሰዓቱን መቀየር አለበት። የአዲስ አበባው አንባቢ ግን የእጅ ሰዓቱን ቢያይ ይበቃዋል፤ የመጽሐፉ ስድስት ሰዓት የእርሱም ስድስት ሰዓት ነው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት ነው። በቢሮ ውስጥ ያለች ሒሳብ ሠራተኛ በዘጠኝ ሰዓት እስክሪብቶዋን ለግማሽ ደቂቃ አስቀምጣ ያንን ብታስብ ማንም አያውቅባትም፤ የማለዳው ጸሎቷ ግን እስከ ማታ ክሩ አይበጠስም።

ያ የጴጥሮስ ጸሎት ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለው። ሐዋርያው ተርቦ ነበር፤ ታች ምሳ እየተሰናዳ ነው። ልብን በትኖ የሚያስቀር ሰዓት ነው። የአሕዛብ በር የተከፈተበትን ራእይ ያየው ግን በዚያው ሰዓት ነው። ለመጸለይ ሁሉ ነገር እስኪመቻች የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አሁን ስለ ስልክ። ኤቫግሪዮስ ያለ ስልክም ልብ እንደሚጠፋ አሳይቶናል፤ ይህ ማለት ግን ስልክ አይጎዳም ማለት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በስልክ መኖሩ በረከት ነው። መጽሐፉን በግልጽ ይዞ መታየት በሚያሳስብበት አገር ለሚኖሩ ደግሞ ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል። ምርጫ ላለው ሰው ግን በማለዳው ሰዓት የታተመው መጽሐፍ ይሻላል። ስልኩ ላይ ማቴዎስ ወንጌልና የባንክ መልእክት፣ የዕድሩ የቴሌግራም ቡድንና የትናንቱ ኳስ ውጤት ጎን ለጎን ናቸው። አንዱን ለመክፈት ሌላውን አልፎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ አልፎ ለመሄድ የሚበቃ ጉልበት የለም።

ከስልኩም የበለጠ የሚያሳስበው የስብከቱ ጎርፍ ነው። በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚተላለፈው ትምህርትና መዝሙር ብዙዎችን አንጿል፤ አይካድም። ቁርስ እየሠሩ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሺዎች ናቸው። ሆኖም ሌላ ሰው ስለ እግዚአብሔር ሲናገር መስማት ራሱ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ሰምቶ ለአምስት ደቂቃ በራሱ ቃል መጸለይ የሚከብደው ሰው፣ ጆሮው ጠግቦ ነፍሱ ተርባለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱን ስብከት ቀንሶ በዚያው ሰዓት ስብከቱ የተሰበከበትን ክፍል ራሱ ቢያነበው ልዩነቱን ያየዋል።

«ጊዜ የለኝም» የሚለው መልስ አንዳንዴ ሰበብ ነው፤ አንዳንዴ ግን እውነት ነው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ጌታችን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደጸለየ ይናገራል። ከዚያ በፊት የነበረው ምሽት ምን ይመስል እንደነበር ያንኑ ምዕራፍ ከፍ ብሎ ማንበብ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ የቅፍርናሆም ከተማ በሙሉ በሽተኞቹን ይዞ በራፉ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ያ ሌሊት የዕረፍት ሌሊት አልነበረም። ማለዳም ስምዖንና ጓደኞቹ ተከትለውት መጡ፤ ሰው ሁሉ እየፈለገው እንደሆነ ነገሩት። እርሱ ግን ወደ ቅፍርናሆም አልተመለሰም፤ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ። ወዴት መሄድ እንዳለበት የወሰነው ሕዝቡ ሳይሆን ያ ጸሎት ነው ብሎ ማንበብ ይቻላል።

እውነት ጊዜ ለሌላቸውስ? በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ እኩለ ሌሊት የምትሠራ፣ የምትዘጋው በር እንኳ የሌላት እህት፤ መንታ ልጆች የወለደች እናት፤ ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ። ለእነዚህ አንድ ሰዓት ጥሞና ውሰዱ ማለት ጭካኔ ነው። ዮሐንስ ካስያን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጻፈው መጽሐፍ ግን የሚሆናቸው አለ። ካስያንና ጓደኛው ገርማኖስ በግብፅ በረሃ አባ ይስሐቅ የተባሉትን አረጋዊ (ከማር ይስሐቅ የተለዩ ናቸው) ጎብኝተው ነበር። ገርማኖስ አንዱን መዝሙር ማሰብ ሲጀምሩ ልባቸው ወደ ሌላው እንደሚዘልል፣ እንደ ሰከረ ሰው ከወዲያ ወዲህ እንደሚንገዳገድ ነገራቸው። አረጋዊው በግዕዙ 69ኛ የሆነውን መዝሙር መክፈቻ፣ እግዚአብሔር ፈጥኖ እንዲረዳ የሚለምነውን አንዱን ቁጥር ሰጧቸው። ሲሠሩም፣ ሲበሉም፣ ሲፈሩም፣ ደስ ሲላቸውም፣ ሲተኙም ያንኑ እንዲሉ። አንዲት ቁጥር ብቻ። ዕቃ እያጠቡ፣ ወለል እየወለወሉ፣ ልጅ እያጠቡ ይባላል። የሰው ቤት ሠራተኛዋ ጌቶቿ የማይወስዱባት ጸሎት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጸሎቱ ደረቅ ሆኖ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ሁሉ በዘዴ አይፈታም። አንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው። በቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን እየለመነ ከዛፍ ሥር ሲተኛ፣ እግዚአብሔር ትምህርት አልጀመረለትም። መልአኩ ቀሰቀሰውና እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ መጣ፤ ደግሞ አበላው። በኮሬብ ተራራ ላይ ቃሉን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ስክሪን ላይ የሚያመሽ ወጣት ማለዳ ልቤ አልሰበሰብ አለ ቢል፣ ጉዳዩ መንፈሳዊ ከመሆኑ በፊት የአልጋ ጉዳይ ነው።

ሌላው ደግሞ ቂም ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታችን መባውን ወደ መሠዊያ ይዞ የመጣ ሰው፣ ወንድሙ የተቀየመበት ነገር ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። ይህ ትእዛዝ በተለይ በዚህ ዘመን ኢትዮጵያውያን ላይ ይከብዳል። በውርስ ቤት የተካሰሱ እህትማማቾች፣ በፖለቲካና በብሔር ወሬ ሰላምታ የተነፋፈጉ የአንድ ደብር ወይም የአንድ ኅብረት ሰዎች በየማለዳው ይጸልያሉ። ልባቸው በአቡነ ዘበሰማያት መሐል፣ ስለ በደል ይቅርታ የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚሸሸው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው አዲስ የንባብ ሰሌዳ አይጠቅመውም። ስልኩን አንሥቶ መደወል ያለበት ሰው አለ። ሽማግሌ ካስፈለገም ሽማግሌ ይላክ።

ሰውነትም በጸሎት ውስጥ ድርሻ አለው። የኦርቶዶክሱ ቆሞ ወደ ምሥራቅ መጸለይና መስገድ፣ የወንጌላዊው መንበርከክ፣ የሙለር በመስክ መራመድ፣ ቃሉን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሁሉም ልብን ለመሰብሰብ ይረዳሉ። አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚነበብ መዝሙር ግን መጨረሻው የኤቫግሪዮስ አንባቢ መጨረሻ ነው። ጎን ላይ አንዲት ማስታወሻ ደብተር ማስቀመጥም ይበጃል። «ዛሬ የመብራት ክፍያ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ አንድ መስመር ጽፎ መተው፣ ሐሳቡን በትግል ከማባረር ይቀላል።

ጸሎታቸው የቀዘቀዘባቸው አንባቢ ይህን ለአንድ ወር ይሞክሩ። ጠዋት ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት አንድ መዝሙር ብቻ ይያዙ፤ በግዕዙ 12ኛ፣ በሌላው አቆጣጠር 13ኛ የሆነው ለመነሻ ጥሩ ነው፤ አጭር ነው፤ በእሮሮ ጀምሮ በመታመን ይጨርሳል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። መዝሙሩን ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ አንድ ቃል ልብዎን ከያዘ እዚያው ይቆዩ፤ ከዚያ ለዚያ ቃል የሚሰጡትን መልስ በራስዎ አማርኛ ለእግዚአብሔር ይንገሩ። የለመዱት ውዳሴ ማርያም ወይም የንባብ ሰሌዳ ካለ ከዚያ በኋላ ያድርሱት። ልብዎ ቢሸሽ ሳይበሳጩ ወደ ቆሙበት ቁጥር ይመለሱ፤ ወሩ እስኪያልቅም ምዕራፍ አይጨምሩ።